የመንገድ አባት

መምህር ተረፈን መጀመሪያ ያየኋቸው ከሁሉም ኋላ ሲሮጡ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ዳር፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ በላይ ነበር። ጀንበር ሳትወጣ ተማሪዎቹ በባሕር ዛፉ ሥር አድርገው ዳገቱን ይወጣሉ። ከፊት ወንዶቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ከዚያ ደግሞ ለብቻው አንድ ረጅም ቀጭን ሰው፤ ቁምጣ የለበሰ፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ልምጭ የያዘ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን እንኳ ማንንም ሲቀድም አላየሁም። ሴት ልጅ የምትቀድመው ጎልማሳ አይቼ ስለማላውቅ አዝንለት ነበር። ልምጩንም የያዘው የቀደሙትን በቅናት ሊገርፍበት ይመስለኝ ነበር።

ልምጩ ለውሻ ነበር። ከኋላ የሚሮጡትም ዐውቀው ነው። «የፊተኛው መንገዱን ራሱ ያገኘዋል» ይሉ ነበር።

ዐምና በኅዳር ተቀበሩ። አንድ ወጣት መምህር በድምፅ ማጉያ ታሪካቸውን አነበበ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚነበብለት አያጣም። ለፖሊስ ክለብ የሮጠ ተማሪ ነበራቸው፤ ለጦሩ የሮጡም ነበሩ። የመጣው ዋንጫ ሁሉ ከነዓመቱ ተጠራ። እኔ ቆሜ ስሰማ የማስበው ዋንጫ ያልመጣበትን ዓመት ነበር።

የደርግ መጀመሪያ ነው። ዘጠነኛ ክፍል በከተማችን ገና መከፈቱ ነበር። እህቴ ሥርጉት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ናት። ቀጭን ነበረች፤ ጉልበቷ ከሰውነቷ አይገጥምም። ማለዳ ውኃ ልትቀዳ ትወጣና ማድጋውን ከምንጩ አጠገብ ደብቃ ከሯጮቹ ጋር ትቀላቀላለች። ስትመለስ ልብሷ ከማድጋው ውኃ ይልቅ በላብ የራሰ ነው። የሸራ ጫማዋን ከእህል ጎታው ኋላ ትደብቃለች። እናቴ ሸዋረግ ጫማውን ታውቀዋለች። አባቴም ያውቀዋል ብዬ አሁን እገምታለሁ። አባቴ ሞላ ያየውን ሁሉ የሚናገር ሰው አልነበረም።

አባቴ ሥርጉትን ለወንድዬ ልጅ ለኪዳን ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ወንድዬ ከእኛ ቀበሌ በታች የሚኖር፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ነው። ሰርጉ ለጥር ታስቧል። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። በእኔ እውቀት እህቴን ደጃችን ድረስ መጥተው የጠየቁ የመጀመሪያው ሰው መምህር ተረፈ ነበሩ።

ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ዐውቃለሁ። በጎረቤታችን በዝናሽ ቤት ዐይቻለሁ። ጋቢ የለበሱ ሰዎች በማለዳ መጥተው ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ሲባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም። የመጡበትን ሳያገኙ የማይቀመጡ ሰዎች ልጅ ሊወስዱ የመጡ ናቸው። በእኛ በወሎ ቦረና ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

እና የነቢያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ሦስት ሰዎች ደጃችን ቆሙ። አንደኛው የደብራችን መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ናቸው። ሁለተኛው አያ እንድሪስ ነው፤ ገበያ ላይ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ አገር የሚያስታርቅ ሰው። ሦስተኛው መምህር ተረፈ። ቁምጣው የለም። ሱሪ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተዋል። ለሰርግ ነው አልኩ።

«ኸይር ነው?» አለ አባቴ።

«ኸይር ነው፣ ሞላ። ኸይር ባይሆን ይሄን ብርድ ማን ይወጣዋል?» አለ አያ እንድሪስ።

«ግቡ እንጂ።»

«አንገባም።»

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «የልጅ ጉዳይ ይዘን መጥተናል።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እኔን አየችኝና በስሜ ተጣራች።

«አንተ ይሄነው! ምን ይገትርሃል? ሂድ ጥጃውን ያዝ!»

ጥጃው ከቤቱ ጎን ታስሯል። አንገቱን አቅፌ ጆሮዬን ወደ ደጅ አደረግኩ። ጥጃው ይጮኻል፤ እኔ አፉን እይዛለሁ፤ ይነክሰኛል። በዚህ መካከል የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። «ለወንድዬ ሰጥቻለሁ» ሲል አባቴን ሰማሁት። ወንድዬ ጢሙ የሸበተ፣ ሚስት ያለችው ሰው ነው። ደነገጥኩ። ከእሱስ መምህሩ ይሻሏታል ብዬ ወሰንኩ። እሳቸው ፊሽካ አላቸው። አማች ከሆኑ ደግሞ ፊሽካው ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም።

ንግግሩ በእርግጥ እንዴት እንደነበር እናቴ ነገረችኝ፤ ያን ጊዜ አይደለም፣ ካረጀች በኋላ ነው።

«ለሰርግ አይደለም የመጣነው» ነው ያሉት መሪጌታ። «መምህሩ ደሴ ወስደው ከየአውራጃው ከመጡ ልጆች ጋር ሊያስሮጧት ነው። ካሸነፈች ሰርጉ ቀርቶ ትምህርቷን ትጨርስ። ጥያቄያችን ይኸው ነው።»

አባቴ ሳቀ። «ትሮጣለች? ማን ሊያባርራት? ጅብ?»

«ጅብስ ቢያባርራት መች ይደርስባታል» አለ አያ እንድሪስ።

አባቴ ሳቁን አቁሞ ወደ መምህሩ ዞረ።

«መምህር፣ አንቱ ሚስት አለዎ?»

«የለኝም።»

«እናት አብረዎት አሉ? እህት?»

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ ሚስት የሌለው ጎልማሳ ከልጄ ጋር ደሴ አድሮ ይመለስ ትሉኛላችሁ? ወንድዬ ይቅር፤ እኔስ በምን እንቅልፍ ልተኛ?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። መምህር ተረፈ ግን አልተቆጡም።

«እውነትዎን ነው» አሉ። «ልጅ ቢኖረኝ እኔም አልሰጥም።»

«እንግዲያ ተግባባን።»

«እንግዲያ አባቷ ያድርጉኝ። ጡት ላጥባት።»

በአገራችን የጡት ልጅነት የታወቀ ነው። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ እንደ ወለደው ይቆጠራል። አይጋቡም፤ ቢጣሉ እንኳ አይካካዱም። ድሮ ጌቶች ለመታረቂያ፣ ደም ለማድረቂያ ያደርጉት ነበር። ለሩጫ ሲደረግ የሰማ ሰው አልነበረም።

አባቴ አሰበ። በዚህ የሚጎድልበት ነገር አልታየውም።

«ይሁን» አለ። «ግን ለአንደኛ ዋንጫ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ዋንጫውን ይዛ ከመጣች ትማር። ባዶ እጇን ከመጣች ትዳራለች።»

«ባዶ እጇን ከመጣች ትዳራለች» አሉ መምህር ተረፈ።

ማር ተፈለገ። እናቴ ልታመጣ ስትነሣ መሪጌታ ከለከሏት።

«ጾም ነው።»

«ማር የጾም አይደለም እንዴ?» አለ አያ እንድሪስ።

«ማሩማ የጾም ነው። ሰዓቱ አልደረሰም። ልጅቱን በጥዋት አላስገድፋትም።»

«እሺ እስከ ስንት?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ያ ረቢ! እናንተ ጾማችሁን በሰዓት ስትቆርጡ እኔ ምን ባጠፋሁ እቆማለሁ?»

«አንተ አልጾምክ፤ ግባና ብላ።»

«ጉዳዩ ሳያልቅ? ሽማግሌ ነኝ እኮ!»

ቆሙ። ይህን በዐይኔ ዐይቻለሁ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጥላው ሲሸሽ አብረው እየሸሹ፣ ከግድግዳው ሥር ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ወይራው። አባቴ ገብቶ መተኛት ይችል ነበር፤ እሱም አልተቀመጠም። ሰው ደጁ ቆሞ እሱ መቀመጥ ነውር ነው። እንዲህ አራት ወንዶች ለእህቴ ብለው ቀኑን ሙሉ ሲቆሙ አየሁ። ሰርግ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥርጉትን አወጧት። የእናቴን ነጭ ነጠላ ራሷ ላይ ጣል አድርገውላታል። ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። መምህሩን በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። መምህሩ አውራ ጣታቸውን ከማሩ ነከሩ። እህቴ ተንበርክካ ጠባች። እናቴ እልል አለች፤ አንድ አጭር እልልታ፣ ከዚያ ለቅሶ ሆነባት።

ነጭ የለበሰች ልጅ፣ ጸሎት፣ ማር፣ እልልታ፣ የእናት ለቅሶ። ከዚህ በላይ ሰርግ ምን አለው? ከበሮና ሥጋ ብቻ ነው የጎደለው። እሱንም ጾም ስለሆነ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጫማዋ ከጎታው ኋላ ወጣ። በበሩ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። በማድጋው ራሷ እናቴ ትቀዳለች። እኔም ከአጥሩ ቀዳዳ ወጥቼ ሜዳው ዳር ድረስ እሄዳለሁ፤ የአማቼ ሜዳ ነውና።

መምህር ተረፈ ሲያሠለጥኑ ዝም አይሉም ነበር።

«ሥርጉት! ዶሮ ይመስል ክንፍሽን አታራግቢ!»

«እጄ ነው እኮ መምህር!»

«እጅማ ቢሆን ሥራ ፈትቶ አየር ባልመታ!»

ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሷም ስቃ እጇን ትሰበስባለች። አንድ ወፍራም ልጅ ነበር፤ ፈተና ካልሆነበት በቀር የማይሮጥ። እሱ ዳገቱ ላይ ሲቆም እሳቸውም ይቆማሉ። «አርፈህ ጨርስ፣ እኔም ደክሞኛል» ይሉታል። አልደከማቸውም፤ ላብ እንኳ የለባቸውም። እኔ ግን ደከማቸው ብዬ አመንኩ። ለእህቴ የሚሆን ባል መሆናቸውን እስከ መጠራጠር ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ።

«አንተ የሥርጉት ወንድም ነህ?»

«ነኝ።»

«ስምህ?»

«ይሄነው።»

«ይሄነው፣ ቤት ስትመጣ ምን ትበላለች?»

«ቆሎ።»

«ከቆሎ ሌላስ?»

«ሽሮ። ግማሹን ለእኔ ትተወዋለች።»

በማግሥቱ ለእኔ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ሰጡኝ። በየቀኑ ሰጡኝ። አማች ማለት እንዲህ ነው ብዬ በላሁ። ሥርጉት ሽሮዋን ሙሉውን እንድትበላ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው።

ወደ ደሴ የሄዱት በእህል መኪና ነው። ሯጮቹ ከስንዴው ጆንያ ላይ ተሳፈሩ። እኔ ሙሽራ ተወሰደች አልኩ፤ ከላይ የሚዘፍኑት ሚዜዎች ናቸው። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ለሥርጉት ወረወረችላት። በአቀስታ በኩል ያለው መንገድ ያን ጊዜ ሰው የሚያሳድር ነበር፤ ጉጉፍቱ ከሚባለው ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። መምህሩ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር። ቦታውን ለትንሿ ልጅ ሰጥተው ከኋላ ጆንያው ላይ ወጡ።

የተመለሱ ቀን ገበያ ነበር። መኪናው ሲመጣ ሮጬ ሄድኩ። ሥርጉት ከላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ አረንጓዴ ፎጣ ጠምጥማለች። አልዘፈኑም። መምህሩ መጀመሪያ ወረዱና ልብሳቸውን ሳያራግፉ፣ ከነአቧራቸው፣ አባቴ ወደቆመበት ቀጥ ብለው ሄዱ።

«ዋንጫውስ?» አለ አባቴ።

«አልመጣም። ሁለተኛ ወጣች።»

«ለሁለተኛ ምን ይሰጣል?»

«ፎጣ።»

አባቴ ፎጣውን ከእህቴ አንገት ሳይፈታ በጣቱ ዳሰሰው።

«ጥሩ ፎጣ ነው» አለ። «እንግዲህ ትዳራለች።»

መምህር ተረፈ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ። ሥርጉት አላለቀሰችም። ጆንያውን አቅፋ ከመኪናው አልወርድም አለች፤ ሹፌሩ ነው ለምኖ ያወረዳት። ሌሎቹ እንደነገሩኝ፣ አንደኛ የወጣችው የደሴ ልጅ ጫማዋ ከሥሩ እሾህ ያለው ነበር። እህቴ የሸራ ጫማዋ ተቀዶ የመጨረሻውን ዙር አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ሮጣለች። መምህሩ ይህን ለአባቴ አልነገሩትም። ሰበብ ሲሰጡ አንድ ቀን አልሰማሁም።

እኔ ግራ ገባኝ። ያገባች ሴት እንዴት ትዳራለች? ዋንጫ ያላመጣ ባል ሚስቱን ይቀማል ማለት ነው አልኩ። ሕጉ ከባድ መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት እናቴ ጨው እንድገዛ ወደ አያ እንድሪስ ሱቅ ላከችኝ። መምህሩ እዚያ ነበሩ። አያ እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«ወላሂ ቀላል ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ የኳስ ዋንጫ ተቀምጦ የለ? አምጣና አሳየው። ሞላ ፊደል አይቆጥር። የኳስ ይሁን የሩጫ በምን ያውቃል?»

«እሱ አያውቅም» አሉ መምህሩ።

«እኮ!»

«ልጄ ታውቃለች።»

አያ እንድሪስ ጨውን መስፈሩን ትቶ አያቸው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ለእኔ ከልኩ አትርፎ ሰጠኝ። እኔ «ልጄ» ያሉት ማንን እንደሆነ እያሰብኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ባሎች ሚስቶቻቸውን ልጄ ይሉ እንደሆነም እናቴን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር።

ገና ሊደርስ ሲል ወንድዬ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የሰርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስም ተጠርተዋል፤ ያለ እሳቸው ቀን አይቆረጥም። ሁሉም ገብተው ተቀምጠዋል። ሥርጉት ከጓዳ ናት። ስትፈጭ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል፤ ወንድዬ ሲናገር ይበረታል፣ ሲያቆም ይቆማል።

በሩ ጨለመ። መምህር ተረፈ ነበሩ። ብቻቸውን።

«ይግቡ» አለች እናቴ።

«አልገባም።»

ወንድዬ ሳቀ። «ደግሞ ምን ሊጠይቅ ነው? ይሄ ሰው ሽምግልና ለመደ!»

«ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ መምህሩ። «አልተጠየቅኩም ልል ነው።»

«ምን ትጠየቃለህ?»

«ልጄ ልትዳር ቀን እየተቆረጠ ነው። አባቷ ነኝ። ማንም ደጄ አልመጣም።»

ወፍጮው ቆመ።

አባቴ ተነሣ። እንዲህ ሲነሣ ዐይቼው አላውቅም። «አንተ! ቃልህ የት አለ? ባዶ እጇን ከመጣች ትዳራለች አላልክም?»

«ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። ባዶ እጇን መጥታለች፤ ትዳራለች። እርስዎ በጥር ይላሉ። እኔ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እላለሁ። አባቶቿ የተስማማን ቀን ትዳራለች።»

«አታለልከኝ!»

«አያ ሞላ፣ ዐይንዎ እያየ ነው ያደረግኩት። ማሩም የእርስዎ ማር ነው።»

አባቴ ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ፣ ለመንገድ መስሎኝ ነው እኮ! ደሴ ደርሰው እስኪመለሱ ነው እንጂ!»

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የወንድዬን ግብዣ የጠጡ ሰው ናቸው፤ ቀን ሊቆርጡ ነው የመጡት። ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

«ለመንገድ የሚሆን አባት የለም፣ ሞላ» አሉ። «ጸሎቱን ያደረስኩ እኔ ነኝ። አልክደውም።»

ወንድዬ ዱላውን አነሣ። «ሁለት አባት ያላት ምራት ቤቴ አትገባም! ለአንዱ ስደግስ አንዱ ሊያኮርፍ! ኪዳን ሌላ አያጣም!» ብሎ ወጣ። ሰዎቹም ተከተሉት።

እኔ ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ። አባቷ? ባሏ አይደሉም? ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ በልቤ መልሼ አየሁት፤ ነጠላውን፣ ጸሎቱን፣ እልልታውን። ሰርግ አልነበረም። ሰርግ የሚያስቀር ነገር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መምህር ተረፈን እንደ ሌላ ሰው አየኋቸው። በር ላይ የቆሙት ብቻቸውን ነበር፤ ሽማግሌ አላስከተሉም። አባት ልጁን ለመጠየቅ ሽማግሌ አይልክም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ልማዳቸው ሆነ። ሴት ልጅ ልትዳር ነው ከተባለ፣ ትሮጥም አትሮጥ፣ ደጅ ይቆማሉ። ማንም ሰው ያለ ማር ልጁን ለደሴ መንገድ አይሰጣቸውም፤ እሳቸውም ሳያጠቡ አይወስዱም። ካድሬው ኋላ ቀር ልማድ ነው ብሎ ስብሰባ ላይ ገሠጻቸው። «ጓድ፣ ያንተን እህት ያላንዳች ነገር ትሰጠኛለህ?» አሉት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃቸውም። አያ እንድሪስ «ተረፈ፣ ከቦረና የምታገባት አጣህ፤ አገሩ ሁሉ ልጅህ ሆነ» እያለ ሲቀልድባቸው ኖረ። እውነትም ቆይተው ያገቡት ከቦረና ውጭ፣ ከጃማው ደጎሎ ነው። የጃማ ሴት፣ ልጅ ያልወለደችላቸው፤ ግን ቤቷ ከልጅ ባዶ ሆኖ የማያውቅ።

አባቴ ካለፈ ሃያ ዓመት ሆኖታል። እሱም ለብዙ ዓመት ከመምህሩ ጋር በሰው ደጅ የሚቆም ሽማግሌ ነበር። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔም እንዳንተ ተቆጥቼ ነበር» ይላል ለልጅቱ አባት። ሌላ አይጨምርም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይሰጣል፤ አንዳንዱ አይሰጥም። ያልሰጡም ነበሩ። መምህሩ የእነዚያን ልጆች ስም እስከ መጨረሻው አልረሱም።

ሥርጉት ትልቅ ሯጭ አልሆነችም። አንድ ዋንጫ እንኳ አላመጣችም። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነርስ ሆነች፤ ሕይወቷን ሙሉ አዋልዳ ጡረታ ወጣች። ያገባችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ደጅ ቆሙ።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። ወንድዬ በወጣ ማግሥት የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

አባቴ አፉን ዘጋ። ሂጂ አላለም፤ ቅሪም አላለም። መሪጌታ የፈረዱት ስለ ሰርጉ ነው። ስለ ትምህርቱ ግን የቤቱ ጌታ አባቴ ነው፤ እሱ ካልተናገረ ሥርጉት ከደጅ አትወጣም። ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ትጠርጋለች። ፎጣውን አጥባ አጥር ላይ ታሰጣዋለች። እናቴ አንድ ቀን «ኧረ ሰውዬ፣ ልጅቱ ደረቀች» ብትለው ምሳውን ትቶ ወጣ።

መምህር ተረፈ በየማለዳው መጡ። ሯጮቹን ዳገቱን ሰደዱና ከአጥራችን ውጭ ቆሙ። አልተጣሩም። አላንኳኩም። ልጆቹ ሲወርዱ አብረው ይወርዳሉ። በማግሥቱ ይመጣሉ። እኔ በቀዳዳው አያቸዋለሁ፤ እጃቸውን በብብታቸው ውስጥ ከተው፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ታኅሣሥ ነው፤ ሣሩ ላይ አመዳዩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የሚቆሙበት ቦታ ብቻ ጥቁር ይሆናል። አባቴ በሬውን ሊያወጣ ሲሄድ በዚያው በር ያልፋል። ያልፋቸዋል። እሳቸው «እንዴት አደሩ» ይላሉ፤ እሱ አይመልስም።

ገና አለፈ። በበዓሉ ማለዳ እንኳ ቆመው ነበር።

ከገና በኋላ በነበረው ሰኞ አባቴ ከሁላችንም ቀድሞ ተነሣ። እሳቱ ገና አልተያያዘም። ወደ በሩ ሄዶ በጥቂቱ ከፈተው። ብርዱ እስከ እኔ መደብ ድረስ ገባ። አባቴ ወደ ውጭ እያየ ቆመ። ምን እንዳየ አውቄያለሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ሥርጉትም የተኛች መስላለች፤ ትንፋሿ ግን የተኛ ሰው ትንፋሽ አይደለም።

አባቴ በሩን አልዘጋም። ጋቢውን ከትከሻው ላይ አነሣ። ወደ እሷ መጥቶ ጫማዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ አስጠጋላት።

«ተነሺ» አላት። «አባትሽ ብርድ ላይ ቆመዋል። ይቺን ጋቢ ስጫቸው።»